በድንገት ለሚቀየር ሺፍትና ላልተከፈለ ኦቨርታይም መፍትሔ የሆነኝ

ችግሩ ይሄ ነበር። ማታ ይደወልና «ነገ ጠዋት ሳይሆን ለሌሊት ነው የምትገባው» ይባላል። ወር ሲደርስ ደግሞ ትርፍ ሰዓቱ ፔሮል ላይ የለም።

መጀመሪያ ለሱፐርቫይዘሩ በቃል ነገርኩት። «እሺ ይስተካከላል» አለ፤ በዚያው ቀረ። ከባልደረባ ጋር መቀያየሩም ሰዓቱን ይባስ አምታታው። አሻራ ማሽኑን ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እሱ ግን መግቢያና መውጫ እንጂ ማን እንዳዘዘ አይመዘግብም።

ቁልፉ ያለው ትዕዛዙ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት የሚሠራው አሠሪው በግልጽ ሲያዝ ነው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ በተደወለልኝ ቁጥር ወዲያው ለሱፐርቫይዘሩ በቴሌግራም «ባዘዙኝ መሠረት ዛሬ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እቆያለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። «እሺ» ብሎ ከመለሰ በቂ ነው።

ከዚያ ትርፍ ሰዓቱን በኤክሴል ደመርኩት። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ሌሊቱን 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በበዓል 2.5። ስክሪንሾቶቹን አያይዤ ለሰው ሀብት በደብዳቤ አስገባሁ። ቅጂው ላይ ተቀባዩን አስፈርሙ፤ ይቺን እንዳትዘሏት።

ክፍያው በቀጣዩ ደመወዝ ገባ። ሺፍቱ አሁንም ይቀየራል፤ ግን በጽሑፍ ይነገረኛል።