መብራት ሲጠፋ ፋይል አብሮ እንዳይጠፋ

ጎንደር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሻማ መለኮስ የለመድነው ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ግን መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ አብሮ አልተነሳም። ከአፄ ፋሲል መዋኛ ዳር ሆኜ ያነሳኋቸው የሦስት ዓመት የጥምቀት ፎቶግራፎች እንደወጡ ቀሩ። ቅጂ አለኝ ብዬ ተማምኜ ነበር፤ ለካ ቅጂው የተቀመጠው እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ኖሯል።

መጀመሪያ ይምረጡ። ፊልምና ፕሮግራም እንደገና ይገኛል። የልጅ ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስካን የተደረገ የቤት ካርታ ግን አይገኝም። እነዚህን አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰብስቡና ስንት ጊጋባይት እንደሆኑ ይመልከቱ።

ከዚያ የዚህን እጥፍ የሚይዝ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይግዙ። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማስቀመጫ አልመክርም፤ ኪስ ውስጥ ይጠፋል፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ኮምፒውተር ሁሉ እየዞረ ቫይረስ ይለቅማል። በርካሽ የሚሸጥ «1 ቴራባይት» ፍላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሙ ትልቅ፣ ሆዱ ትንሽ ነው። ሲሞላ ዝም ብሎ የሚቀበል ይመስላል፤ በኋላ ፋይሉ አይከፈትም። ዲስኩ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ቪዲዮ አልቀበልም ካለ የተዘጋጀው ፋት32 በሚባለው የቆየ የፋይል አቀማመጥ ስለሆነ ነው። ይህ ገደብ ወደሌለበት ወደ ኤክስፋት መቀየር ይቻላል፤ ለዚህ ዲስኩ እንደ አዲስ ፎርማት ሲደረግ ግን በውስጡ ያለው ሁሉ ይሰረዛል።

ሲገለብጡ የላፕቶፑ ባትሪ የሞላ ይሁን። ለፎልደሩ ቀን ያለበት ስም ይስጡት፤ «ሰነድ መስከረም 2017» እንደማለት። የቀድሞውን ቅጂ ቶሎ አይሰርዙ፤ የተበላሸ ፋይል በደህናው ላይ ከተገለበጠ መመለሻ የለውም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፋይል ሂስትሪ የሚባል የቅጂ መሣሪያ ከበራ፣ ዲስኩ እስከተሰካ ድረስ የተለወጠውን በየሰዓቱ ይገለብጣል። ምቹ ነው፣ ሆኖም ዲስኩን ሁልጊዜ ሰክቶ መተው አይገባም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ የተሰካውንም አይምርም። ሲጨርሱ ኮምፒውተሩ ላይ ኢጀክት የሚለውን ተጭነው ይንቀሉ።

ሁለተኛው ቅጂ ከቤት ይውጣ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈች። እሳት ሁሉንም ቦታ እኩል አያገኝም፤ ሌባም እንዲሁ። የእኔ ሁለተኛ ዲስክ አዘዞ እህቴ ቤት፣ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቡና ልጠጣ ስሄድ አዲሱን አድርሼ አሮጌውን ይዤ እመለሳለሁ። ዘመድ በቅርብ የሌለው ሰው በኢንተርኔት ፋይል የሚቀመጥበትን ጉግል ድራይቭን ይጠቀም። በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶዎች ጋር የሚጋራ ነው፤ ለሰነድ ይበቃል፣ ለሠርግ ቪዲዮ ግን አይሞከርም።

ቀጥሎ ሰዎች የሚዘሉት ሥራ አለ፤ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ፋይሎቹን መክፈት። ስማቸውን ማየት አይበቃም። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ከከፈትኋቸው አምስት ፎቶግራፎች አንዱ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ሲገለበጥ መብራት የጠፋበት ነበር። ዋናው ገና ካሜራው ውስጥ ስለነበረ ደግሜ ገለበጥሁት።