አጫጭር የስራ ላይ ትምህርቶች ስናዘጋጅ በርዝመትና በፎርማት የምንሳሳታቸው ነገሮች

በየመስሪያ ቤቱ የሶስት ቀን የአዳራሽ ስልጠና ቀስ እያለ በአጫጭር ቪዲዮና በቴሌግራም ትምህርት እየተተካ ነው፣ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ካሸሯም ነርሷም የሆቴል አስተናጋጁም ስራቸውን ጥለው ሳይሄዱ መማር ይችላሉ። ግን "አጭር ይሁን" የሚለው ብቻውን መመሪያ ሆኖ ሁሉም ደቂቃ ይቆጥራል። ስንት ደቂቃና በምን መልክ የሚለውን መወሰን ያለበት ሰራተኛው ያንን ስራ የት ቆሞ፣ መቼ፣ በእጁ ምን ይዞ ነው የሚሰራው የሚለው ነው። በዚህ አይን እስቲ የሚደጋገሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ከይዘቱ በፊት ደቂቃውን መወሰን ነው። "ሁሉም ቪዲዮ ከ5 ደቂቃ አይለፍ" ይባልና ከዛ ነገሩ በዛ ልክ ይሰፋል ወይ ይቆረጣል። ይሄ አባባል ዝም ብሎ አልመጣም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ኢዲኤክስ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ የተሰራ ጥናት 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን አይቶ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተማሪው በአማካይ የሚቆየው ቢበዛ 6 ደቂቃ አካባቢ ነው ብሏል። ግን እነዛ በፈቃዳቸው የሚማሩ የኦንላይን ተማሪዎች ናቸው፣ የተለካውም ምን ያህል አዩ እንጂ ስራውን ምን ያህል ቻሉ አይደለም። "የሰው ትኩረት 8 ሰከንድ ነው፣ ከወርቃማ አሳ ያንሳል" የሚለውንማ ጨርሶ ተዉት፣ የሚደግፈው ምርምር የለም። ይልቅ "ይሄን ካየ በኋላ ምን ማድረግ ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁ። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የወጣውን ባለ 200 ብር ኖት ወደ ብርሃን አንስቶ የደህንነት ክሩን ማየት ከሆነ አንድ ደቂቃ ይበዛበታል፣ አዲስ የሂሳብ አከፋፈት መመሪያ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቪዲዮ አይሞከርም።

ሁለተኛው ረጅሙን በሰዓት መቆራረጥ ነው። የሁለት ሰዓት የአዳራሽ ቀረጻ ይወሰድና በ5 በ5 ደቂቃ 24 ቦታ ተቆርጦ "ክፍል 1፣ ክፍል 2" እየተባለ ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። ይሄ አጭር ትምህርት አይደለም፣ ያው ረጅሙ ነው፣ እንደውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ካሸሯ ደንበኛ ፊቷ ቆሞ የምትፈልገው መልስ ክፍል 17 ውስጥ ይሁን ክፍል 9 በምን ታውቃለች። መቁረጥ ያለባችሁ በጥያቄ ነው፣ ርዕሱም ሰራተኛው ሲቸግረው እራሱ በሚጠይቅበት አነጋገር ይሁን፦ "ደንበኛው ፒኑን ረስቶ ቢመጣ ምን ላድርግ?"። አንዱ 40 ሰከንድ፣ አንዱ 7 ደቂቃ ቢሆን ምንም ችግር የለውም፣ እኩል ካልሆነ ያምራል ወይ ብሎ የሚጨነቀው አዘጋጁ እንጂ ሰራተኛው አይደለም።

ሶስተኛው ሁሉንም ነገር ቪዲዮ ማድረግ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቪዲዮ የሚጠቅመው እንቅስቃሴ ሲኖር ነው። የእጅ ንጽህናን ውሰዱ፣ የአለም ጤና ድርጅት በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና ውሃ መታጠብ ከነመድረቁ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል ይላል፣ ስለዚህ ቪዲዮውም ልክ ያንን ያህል ቢሆን ነርሷ እያየች አብራ ታደርገዋለች፣ የጊዜው ልክ በእጇ ይገባል። ርዝመቱን ስራው ራሱ ሰጣችሁ ማለት ነው። በሌላ በኩል ስራው መሀል ቆሞ ማረጋገጥ የሚያስፈልግ ነገር ወረቀት ነው የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአለም ጤና ድርጅት ያወጣው የቀዶ ህክምና ቼክሊስት አንድ ገጽ ነው፣ 19 ነጥብ፣ ሶስት ቦታ ላይ ቆም ይባላል፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ክፍሉን ከመልቀቁ በፊት። በ8 ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። እርግጥ ወረቀቱ ብቻውን አይደለም ይሄን ያመጣው፣ ቡድኑ ጮክ ብሎ አብሮ ማረጋገጡ ነው፣ ግን ያው 19 ነጥብ የ6 ደቂቃ ቪዲዮ ቢሆን ኖሮ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ማን ይከፍተዋል? ድምጽ ደሞ ታሪክና ምክር ላይ ጎበዝ ነው፣ ቁጥርና የተራ ቅደም ተከተል ላይ ግን አትጠቀሙበት፣ ሰው ሰምቶ አይይዘውም።

ስልኩንና ፓኬጁን መርሳትም አለ። አንድ ቪዲዮ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ከሆነ በደቂቃ 11 ሜጋባይት ገደማ ይበላል (8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው)፣ 5 ደቂቃው ከ55 በላይ፣ ያው ነገር በሰከንድ 32 ኪሎቢት የሆነ ድምጽ ብቻ ቢሆን 5 ደቂቃው 1.2 ሜጋባይት ነው። ሰራተኛው ከኪሱ ፓኬጅ ገዝቶ እንዲማር ማድረግ ልክ አይደለም፣ ወይ የቢሮ ዋይፋይ ላይ ያውርድ ወይ ፋይሉን አቅልሉለት። ደሞ ለፕሮጀክተር የተሰራ ስላይድ በስልክ አይነበብም፣ በተለይ ፊደላችን በትንሽ ቅጥያ ስለሚለያይ ሲያንስ ይደበላለቃል፣ መጠን የሚጻፍበት የመድሃኒት ወይ የኬሚካል ትምህርት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስክሪኑን በቁመት አስቡት፣ አንድ ስክሪን ላይ ሁለት ሶስት መስመር ይበቃል።

ስክሪን ላይ ያለውን ጽሁፍ ቃል በቃል ማንበብ ደሞ ርዝመቱን ይጨምራል እንጂ አይጠቅምም፣ ስዕል እያሳያችሁ ብትናገሩ ይሻላል የሚለውን የትምህርት ስነ ልቦና ተመራማሪው የሪቻርድ ሜየር ምርምሮች አሳይተዋል። ቋንቋው ለሰራተኛው ሁለተኛ ቋንቋው ከሆነ ወይ ቦታው ጫጫታ ከሆነ ግን ሰብታይትል አድርጉ። ስክሪፕት ስትጽፉም በእንግሊዝኛ በደቂቃ 150 ቃል የሚባለውን ስሌት አትውሰዱ፣ የአማርኛ ቃል ይረዝማል፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በስልካችሁ ሰዓቱን ያዙ።

አንዴ ልኮ መርሳት ሌላው ነው፣ ለኔ ደሞ ከሁሉም የሚጎዳው እሱ ነው። የስነ ልቦና ተመራማሪው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳየን ነገር ሰው ካልደገመው ቶሎ እንደሚረሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ የስነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሁለት ጽሁፍ አስነብበው አንዱን በድጋሚ አስነበቧቸው፣ በሌላው ግን ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ በደንብ የታወሰው ደግመው ያነበቡት ነው፣ ከሳምንት በኋላ ግን የተፈተኑበት በለጠ። ስለዚህ 5 ደቂቃ ካላችሁ 3ቱን ለትምህርቱ፣ 2ቱን ለጥያቄ አድርጉት፣ ከተወሰነ ቀን በኋላም አንድ ጥያቄ ላኩ። የቴሌግራም ኩዊዝ ፖል (ምርጫ ያለው ጥያቄ ግሩፕ ላይ የሚለጠፍበት) ለዚህ በቂ ነው፣ መልሱንም ምክንያቱንም ያሳያል። ጥያቄው ግን "የመመሪያው አንቀጽ ስንት ነው" ሳይሆን "እንዲህ ያለ ደንበኛ መጣ፣ ምን ታደርጋለህ?" ይሁን።

ማጠር የሌለበትን ማሳጠርም ስህተት ነው። የተናደደ ደንበኛ ማስተናገድ፣ ለቤተሰብ መርዶ መንገር፣ የትንኮሳ ቅሬታ መቀበል፣ እነዚህ ከሰው ጋር ተቀምጦ ልምምድና አስተያየት የሚፈልጉ ናቸው፣ አጭሩ ቪዲዮ ከልምምዱ በፊት ለመዘጋጃ ወይ ከሱ በኋላ ለማስታወሻ እንጂ በሱ ቦታ አይገባም።

የመጨረሻው፣ አጭር ስለሆነ ጊዜ አይወስድም ብሎ ማሰብ። በሳምንት አስር ባለ 5 ደቂቃ ትምህርት 50 ደቂቃ ነው፣ በፕሮግራም ካልተያዘ ደሞ ከሰራተኛው ምሳ ሰዓት ወይ ከታክሲ ሰልፉ ላይ ነው የሚወሰደው። ከአለቃው ጋር ተነጋገሩና ፈረቃው ላይ ይመደብ፣ ለምሳሌ ጠዋት በር ከመከፈቱ በፊት ባለው የስራ ሰዓት፣ ካልተመደበ ደሞ የትምህርቱን ብዛት ቀንሱ።