ብረትን ፔሬድ 3 ላይ አትፈልጉት

ማታ ማታ የ11ኛ ክፍል ልጆችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪዬ የብረትን ኤሌክትሮን ኮንፊገሬሽን (የኤሌክትሮኖቹን አደራደር፤ ከፊት ያለው ቁጥር ሼሉን ወይም እርከኑን፣ ፊደሉ የእርከኑን ክፍል፣ ከላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ያሳያል) ጥንቅቅ አድርጋ ጻፈች፦ 1ኤስ² 2ኤስ² 2ፒ⁶ 3ኤስ² 3ፒ⁶ 4ኤስ² 3ዲ⁶። 26ቱም ኤሌክትሮኖች በቦታቸው አሉ። ከሥሩ ግን «ፔሬድ 3፣ ግሩፕ 6» አለች፤ ፔሬድ የኤለመንቶች ሰንጠረዥ (ፔሬዲክ ቴብል) ረድፍ ነው፣ ግሩፕ ደግሞ ዓምዱ። ጎበዝ ልጅ ናት። የሳተችው መጨረሻ ላይ የጻፈችውን 3ዲ⁶ ብቻ ስላየች ነው። እዚህ ጋ የሚስተው ተማሪ ብዙ ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማሠራቸው። ኮንፊገሬሽኑን ከጻፋችሁ በኋላ ከፊት ካሉት ቁጥሮች ትልቁን ፈልጋችሁ በእርሳስ አክብቡት። የትም ቦታ ይሁን። ብረት ላይ ትልቁ 4 ነው፣ 4ኤስ² ላይ ያለው። ስለዚህ ፔሬድ 4። 3ዲ መጨረሻ ላይ የመጣው 4ኤስ ቀድሞት ስለሚሞላ ነው፤ እንዳይሸውዳችሁ።

የመጨረሻው ኤሌክትሮን የሚጠቅመን ብሎኩን፣ ማለትም ከሰንጠረዡ የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ለማወቅ ነው። ኤስ ውስጥ ከገባ ግራ ጫፍ ያሉት 2 ዓምዶች ጋ እንሄዳለን። ዲ ከሆነ መሀል ያሉት 10፣ ፒ ከሆነ ቀኝ በኩል ያሉት 6። ኤፍ ከሆነ ደግሞ ከታች ተነጥለው የተቀመጡት ሁለት ረድፎች ናቸው። አሁን ቁጥሮቹን ልብ በሉ። ኤስ የሚይዘው 2 ኤሌክትሮን ነው፣ ፒ 6፣ ዲ 10። የዓምዶቹም ብዛት ያው! ሰንጠረዡ የተሠራው በዚሁ አሞላል ነው ማለት ነው። ይሄን አንዴ ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ ሽምደዳ ውስጥ አይገባም፤ ለዚህ ነው ሁሌም ዓምዶቹን በጣታቸው የማስቆጥራቸው።

ግሩፑ መደመር ብቻ ነው። ኤስ ብሎክ ላይ የውጪውን ኤስ ኤሌክትሮኖች ብዛት ውሰዱ፤ ሶዲየም 3ኤስ¹ ላይ ስለሚያልቅ ግሩፕ 1 ነው። ዲ ብሎክ ላይ ዲውን እና የውጪውን ኤስ ደምሩ። ብረት 6 ሲደመር 2፣ ግሩፕ 8። ፒ ብሎክ ላይ የውጪውን ኤስና ፒ ደምራችሁ 10 ጨምሩ። ክሎሪን 3ኤስ² 3ፒ⁵ ነው፤ 2 ሲደመር 5 ሲደመር 10፣ ግሩፕ 17። «ክሎሪን ዲ የለው፣ 10ሩ ከየት መጣ?» ይሉኛል። ከግራ ወደ ቀኝ ስንቆጥር የዲ ብሎክን 10 ዓምዶች አልፈን ስለምንመጣ ነው። በድሮው አጻጻፍ 7ኤ የሚባለው 10ሩን ሳይጨምር ነው።

ክሮሚየም 4ኤስ¹ 3ዲ⁵፣ መዳብ 4ኤስ¹ 3ዲ¹⁰ መሆናቸው አያስጨንቃችሁ። ድምሩ 6 እና 11 ይመጣል፣ ትክክል ነው። ሂሊየም ግን 1ኤስ² ሆኖ ግሩፕ 18 ነው፤ ያለው አንድ ሼል ሞልቷል። ፓላዲየምም 5ኤስ ላይ ምንም ሳይኖረው ፔሬድ 5 ውስጥ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለብቻ ያዟቸው።

አዮን (ኤሌክትሮን ያጣ ወይም የጨመረ አቶም) ሲመጣ በጣም ተጠንቀቁ። ተማሪ እያለሁ ፈተና ላይ «ባለ 2 ፖዘቲቭ አዮን፣ መጨረሻው 3ፒ⁶» ተብሎ ቀረበልኝና ቀጥታ የአርጎንን ቦታ ሰጠሁ። 18 ኤሌክትሮን ነበረው፤ የሄዱትን 2 መመለስ ነበረብኝ። ያኔ 20 ይሆናል፣ ካልሲየም፣ 4ኤስ²። ፔሬድ 4፣ ግሩፕ 2። ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ የተጨመሩትን ቀንሱ። ቦታ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

ለልጅቷ ከብረቱ ቀጥሎ ቁጥር 33ን ሰጠኋት። መጨረሻው 4ኤስ² 3ዲ¹⁰ 4ፒ³ ነው። 4ቷን አከበበች። 3ዲ¹⁰ን ልትደምር አሰበችና «10ሩ እኮ ይሄው ነው፣ ሁለቴ አልቆጥረውም» አለች። 2፣ 3፣ 10። ጣቷን በአራተኛው ረድፍ ላይ እየጎተተች ሄዳ 15ኛው ዓምድ ላይ፣ አርሰኒክ ጋ አቆመች።