ለወላጆቻችን ስማርት ሰዓት አስረን ሚዛን ስናለማምድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጅ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ስማርት ሰዓት ይልካል። የልጅ ልጅ ከስልክ ጋር ያገናኘዋል። «እማማ፣ ይቺ ሰዓት እንዳይወድቁ ትጠብቅዎታለች» ይባልና ይታሰርላቸዋል። ሐረር ውስጥ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው፤ ከፍቅር የመጣ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ሰዓት ማንንም ከመውደቅ አያድንም። የሚያድነው የእግር ጉልበትና ሚዛን ነው፤ እሱ ደግሞ በልምምድ ይመጣል።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች ወድቀው ይሞታሉ። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት እንደኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ደስ የሚለው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነበት ግምገማ የአካል እንቅስቃሴ የአረጋውያንን መውደቅ በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሰዓቱ ዋጋ የሚኖረው ይህን እንቅስቃሴ ካገዘ ነው።

እርምጃ ቆጠራን እንደ ሚዛን ልምምድ ማየት

«ዛሬ አምስት ሺህ ሞላሁ» ብሎ መርካት ዋናው ስህተት ይመስለኛል። በእግር መሄድ ለልብም ለስኳርም ጥሩ ነው። ሚዛን ግን በብዛት የሚሻሻለው እግርን አጥብቦ በመቆም፣ ክብደትን ከአንድ እግር ወደ ሌላው በማዛወርና ከወንበር በመነሳት ነው። ደግሞ 10 ሺህ እርምጃ የሚባለው ቁጥር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው እንጂ የሐኪም ትእዛዝ አልነበረም።

ቆጠራውም ቢሆን ያታልላል። ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩት አክስቴ ተቀምጠው ቡና ሲወቅጡ ሰዓቱ እርምጃ ሲጨምር አይቻለሁ። ዘነዘናው ከፍ ዝቅ ሲል እጃቸው ይወዛወዛል፤ ሰዓቱ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። በተቃራኒው በከዘራ ሲሄዱ ያ እጅ ስለማይወዛወዝ ግማሹን ይዘለዋል። የእጅ አንጓ ስለ ሚዛን ብዙ አይናገርም፤ ወገብ ይሻላል። አይፎንም የአካሄድ መረጋጋትን የሚለካው ወገብ አጠገብ ኪስ ውስጥ በተቀመጠው ስልክ እንጂ በሰዓቱ አይደለም።

ቀላሉ ላይ መቅረት

ሰዓቱ «ጎበዝ!» ሲል ያው ልምምድ ለወራት ይደገማል። ሚዛን የሚሻሻለው ግን ትንሽ ሲፈተን ነው። አራት ደረጃ አለ። መጀመሪያ ሁለቱን እግር አጋጥሞ መቆም። ቀጥሎ አንዱን እግር በግማሽ ወደ ፊት ማስቀደም። ሦስተኛው የፊተኛውን እግር ተረከዝ ከኋለኛው አውራ ጣት ጋር አስነክቶ በአንድ መስመር መቆም ነው። አራተኛው በአንድ እግር መቆም። እያንዳንዱን ያለ ድጋፍ 10 ሴኮንድ መያዝ ከቻሉ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሦስተኛውን 10 ሴኮንድ መያዝ ያቃተው ሰው የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት ቢያያቸው ጥሩ ነው።

ጊዜውም ያንሳል። ጥሩ ውጤት የታየው ሚዛንን በደንብ የሚፈትን ልምምድ በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ሲሠራ ነው። በቀን ሲካፈል ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ጠዋትና ማታ ተከፍሎም ይሠራል። ሰዓቱን እዚህ ላይ ተጠቀሙበት፦ የልምምድ ሰዓት ያስታውስ፣ ሴኮንድ ይቁጠር።

ቆመው ሰዓቱን ማየት

በአንድ እግር ቆሞ ወደ እጅ ማጎንበስ ራሱ ይጥላል። ሰዓቱ በንዝረት እንዲናገር አስተካክሉት፤ ዓይን ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ይሁን። ካልተቻለ ልጅ ጮክ ብሎ ይቁጠር።

የፕላስቲክ ወንበርና ሲሊፐር

የፕላስቲክ ወንበር ሲደገፉት ይንሸራተታል። የማይነቃነቅ ነገር ይያዙ፤ የመስኮት ደፍ፣ ከባድ ጠረጴዛ። ሲሊፐር ይውለቅ፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይደረግ። ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ቤት የምትኖሩ ደግሞ ነደባው (ሳሎን ውስጥ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ) ደረጃ ደረጃ ስለሆነ ጠርዙ አጠገብ አትለማመዱ። ምንጣፉም ይጠቅለል። ድሬዳዋ ያላችሁ በማለዳ ሥሩ፤ በሙቀት ውኃ ያነሰው ሰውነት ከመቀመጫ ሲነሳ ያዞረዋል።

የመውደቅ ማንቂያውን ሳይሞክሩ ማመን

አፕል ሰዓት ይህን ማንቂያ በራሱ የሚያበራው ዕድሜው 55 እና ከዚያ በላይ ተብሎ ለተመዘገበ ነው። የልጅ ልጅ የራሱን ዕድሜ ካስገባ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል። ከወደቁ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሱ ለአደጋ ጊዜ አገልግሎት ይደውላል፤ ለቤተሰብ መልእክት የሚልከው ስልካቸው ከተመዘገበ ብቻ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ቀስ ብሎ የሚንሸራተትን ሰው ደግሞ ላያውቅ ይችላል። እጅ ላይ የሚታሰሩ ርካሽ ባንዶች ብዙዎቹ ይህ ማንቂያ ጭራሽ የላቸውም።

ሲም የሌለው ሰዓት ያለ ስልክ ብዙም አይረዳም። ሰዓቱን ከስልኩ የሚያገናኘው ብሉቱዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው 10 ሜትር ገደማ ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ይቀንሰዋል። ስልኩ ሳሎን ተቀምጦ እሳቸው ጓሮ ሽንት ቤት ከሆኑስ? ሄዳችሁ ሞክሩት። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ቁጥር 907ን ስልኩ ላይ መዝግቡ፤ ቅርብ ያለ ጎረቤትም ጨምሩ።

ቻርጅም ነገር አለው። ብዙ ሰው ማታ ሲተኛ ያወልቀዋል፤ ሌሊት ለሽንት የሚነሱት ግን ያኔ ነው። ቀን ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ ቻርጅ ይደረግ። ለውዱእ ወይም ለገላ መታጠብ የሚያወልቁም አሉ፤ እርጥብ ወለል ላይ የሚያንሸራትተው ያኔ ስለሆነ ውኃ የሚችል መሆኑን አረጋግጡና እጃቸው ላይ ይቆይ።

ማዞርን በሰዓት መመርመር

ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ልምምዱን አቁሙና ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ተቀምጠውም ቆመውም ደም ግፊታቸው ይለካ፤ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ይታይ። ርካሽ ሰዓት የሚያሳየውን የደም ግፊት ቁጥር አትመኑ።

ከሩቅ ቁጥር ብቻ መከታተል

ውጭ ያለ ልጅ አፑን ከፍቶ «ዛሬ ለምን አልሠሩም?» ብሎ ቢጽፍ እናት ትከፋለች እንጂ አትነሳም። በልምምዱ ሰዓት በቪዲዮ ደውሎ አብሮ ቢቆም ግን ይሠራሉ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከጎናቸው ይቁም፤ ስልኩም እጃቸው ላይ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ ይሁን። ዱባይ ያለ ልጅ ከሐረር በአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚቀድመው፤ ሥራ ሳይገባ በጠዋት ይደርስላቸዋል።