ያጋደለው ዶክተር ዱም፦ በድሬ ሙቀት የኮሚክ ፊገር አፈታተሽ

ድሬዳዋ ላይ የኮሚክ ፊገር፣ ማለትም የኮሚክ ገጸ ባሕርይ የፕላስቲክ ምስል፣ ስትገዙ ተጠርጣሪው ሁለት ነው። አንዱ ፎርጅድ ሠሪው፣ ሌላው ሙቀቱ። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። እግሩ የተንጋደደ ዶክተር ዱም (የማርቭል ኮሚክ ክፉ ገጸ ባሕርይ) ሲያይ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ቀጥ ብሎ የቆመውን፣ ፊቱ ግን የተጨማለቀውን ጆከር (የባትማን ጠላት) «ኦርጅናል» ብሎ ይዞ ይሄዳል። መጣመም፣ መጣበቅና መላላት ፊገሩ የት እንደኖረ ነው የሚናገሩት። ማን እንደሠራው ለማወቅ ቀለሙንና እግሩ ሥር ያለውን ማህተም ነው ማየት።

የማወራው ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝመው፣ 1:12 ስለሚባለው መጠን ነው። ጨርቅ የሚለብሰው ባለ 30 ሴንቲ ሜትሩ የራሱ ጣጣ አለው፣ ሌላ ጊዜ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የድሬው ታይዋን ገበያ በስድስት ሰዓት ሄዳችሁ ፊገር አትፈትሹ። ፀሐይ ላይ የዋለ ፕላስቲክ ሁሉ ልፍስፍስ ነው፣ ኦርጅናሉም ጭምር። ጠዋት ሂዱ፣ ወይም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ከተማው ከምሳ እንቅልፉ ነቅቶ ሲንቀሳቀስ።

ምልክት፦ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ እግሩ ተንጋዷል

ዱም ላይ በጣም የሚታየው ይሄ ነው። ምክንያቱ ካባው ነው። ዱም እ.ኤ.አ. በ1962 በፋንታስቲክ ፎር ኮሚክ መጽሔት ቁጥር 5 ላይ ከታየ ጀምሮ መለያው የብረት ልብስና አረንጓዴ ካባ ነው። ፊገሩ ላይ ያ ካባ ብዙ ጊዜ ወፍራም ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ ወደ ጀርባ ይሄዳል። ቁርጭምጭሚቱ ደግሞ ቀጭን ነው። በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመር ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ቀስ እያለ ይታጠፋል። ሐረር ላይ መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዱም የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ ማጋደል ቢጀምር አይግረማችሁ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ። ልዩነቱን ፕላስቲኩም ያውቀዋል።

መፍትሄው ሙቅ ውሃ ነው። ፈልቶ ትንሽ የበረደ ውሃ ውስጥ የተጣመመውን እግር ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ንከሩት። ፒቪሲ ሲሞቅ መጀመሪያ ወደ ወጣበት ቅርጽ መመለስ ይወዳል። አንዳንዴ እጃችሁ ሳይነካው ራሱ ሲቃና ታያላችሁ። ካልተቃና በጣት ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትቶ እንደያዙ መቆየት ነው። እዚህ ላይ ነው የድሬ ሰው የሚሸወደው። በሚያዝያና በግንቦት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ራሱ ለብ ያለ ነው፣ ምንም አያጸናም። የፍሪጅ ውሃ፣ ከተገኘም በረዶ ተጠቀሙ።

ተቃንቶ በሳምንቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የካባው ነው። ካባው የሚወልቅ ከሆነ አውልቃችሁ አስቀምጡት፣ ወይም ከጀርባው ግልጽ የፕላስቲክ ማቆሚያ ስጡት። መስኮት ሥር አታቁሙት። የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ከሆነ ከላይኛው መደርደሪያ አውርዱት፣ ሙቀቱ እዚያ ነው የሚከማቸው።

ስለዚህ ሻጩ ጋ ቆማችሁ የተንጋደደ እግር ስታዩ አትሽሹ። ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ሰበብ ነው፣ ቤት ወስዶ ማቃናት ደግሞ የደቂቃ ሥራ።

ምልክት፦ ፊቱ ላይ ቀለም ከመስመር ወጥቷል

ፎርጅድ የሚያዘው እዚህ ነው። ለዚህ ከጆከር የተሻለ መፈተኛ የለም። ጆከር እ.ኤ.አ. በ1940 በባትማን ቁጥር 1 ከወጣ ጀምሮ ነጭ ፊት፣ ቀይ ከንፈርና አረንጓዴ ፀጉር ነው። ሦስት የማይዋደዱ ቀለሞች አንድ ጥፍር በማታክል ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ርካሽ ፋብሪካ እዚያ መደበቂያ የለውም።

ስልካችሁን አውጡና ፊቱን አቅርባችሁ አንሱት፣ ከዚያ ፎቶውን አስፉት። የፀጉሩን መነሻ ተከተሉ። አረንጓዴው ግንባሩ ላይ ፈሷል? የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከፍ ብሏል? የከንፈሩ ቀይ ጥርሱ ላይ ወጥቷል? አንዱ ብቻ ከሆነ ኦርጅናልም ላይ ያጋጥማል፣ ፋብሪካ ነው፣ ይሳሳታል። ሦስቱም ከተገኙ ግን ሂሳቡ አልቋል። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ኦርጅናሎች ላይ ሌላም ምልክት አለ። ዓይንና ቅንድቡ በማሽን ስለሚታተም ፎቶው ሲሰፋ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። ያንን ያየ «ቆሽሿል» ብሎ እንዳይፍቀው።

ዱም ጭምብል ስላለው ፊቱ ብዙ አይናገርም። እሱ ላይ ካባውን ደረቱ ላይ የያዙትን ሁለት ወርቃማ ክቦች እዩ። ኦርጅናሉ ላይ ወርቁ ከክቡ ጠርዝ ላይ ያበቃል። ፎርጅዱ ላይ ወርቁ ወደ አረንጓዴው ይሻገራል፣ ወይም ከነጭራሹ ክቡ ሳይቀባ ይቀራል።

ለተጨማለቀ ቀለም መፍትሄ የለም። በአሴቶን ለመጥረግ የሚሞክር አለ። አሴቶን ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጠንካራውን ኤቢኤስ ፕላስቲክም ያሟሟዋል። ፎርጅድ መሆኑ ከታወቀ ለጌጥ ይሁን ካላችሁ በፎርጅድ ዋጋ ግዙ። ለሕፃን ግን አትስጡት። ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፣ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው።

ምልክት፦ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ይሸታል

ሁለት ዓይነት ነው። ቆይቶ የተጣበቀ ከሆነ ፒቪሲውን ለማለስለስ የተጨመረው ዘይት መሰል ነገር በሙቀት ወደ ላይ ወጥቷል። ታፍኖ የኖረ ፊገር ላይ ይብሳል። በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ በሆነ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ካደረቃችሁ በኋላ አየር በሚያገኝበት አስቀምጡት። ሊመለስ ይችላል፣ ያኔ እንደገና ማጠብ ነው። ቫዝሊንና የማሽን ዘይት ግን አታስነኩት።

አዲስ ሆኖ፣ ከካርቶኑ ሲወጣ ነዳጅ ነዳጅ የሚል ከሆነ ግን የፋብሪካው ጥራት ነው። ተዉት።

ምልክት፦ ነጭ ነገር ወጥቶበታል

ጥቁር ፊገር ላይ፣ ለምሳሌ የስፓይደርማን ጠላት ቬኖም ላይ፣ ቶሎ ይታያል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የመጣ ነጠብጣብ ከሆነ የውሃችን ኖራ ነው። ጀበናችሁን የሚያለብሰው ያው ነው። ትንሽ ኮምጣጤ በውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ አብሱት፣ በመጨረሻ በታሸገ ውሃ አለቅልቁት።

ነጩ መስመር ጉልበት ወይም ክርን መታጠፊያ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ፕላስቲኩ ተወጥሮ ሊሰነጠቅ ደርሷል። ይህን መግዛት አልመክርም።

ምልክት፦ መገጣጠሚያው አልንቀሳቀስ ብሏል፣ ወይም ላልቷል

አልንቀሳቀስ ያለውን ሻጩ ፊት አታስገድዱት። ሰበራችሁ ማለት ገዛችሁ ማለት ነው። ቤት ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ ውሃ አሙቁት፣ ከዚያ ወዲህና ወዲያ በትንሽ በትንሹ። ውስጡ ያለው ፒን ከተሰበረ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ መቀጠል ይቻላል። ጥሩ እጅ ያለው ሰዓት ሠሪ ይሠራዋል።

የላላውን በሱፐር ግሉ የሚሞሉ አሉ። ከደረቀ በኋላ እጁ እስከ ወዲያኛው ሰላምታ እየሰጠ ሊቀር ይችላል። እኔ የምመርጠው የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ነው። የሚወልቀውን እጅ ወይም ጭንቅላት አሙቃችሁ አውልቁ፣ ኳሷ ላይ አንድ ዙር ጠቅልሉ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። በዛ ካለ ትነቅሉታላችሁ፣ ምንም አይጎዳም።

ምልክት፦ ሻጩ «የድሮ ነው» ይላል፣ እግሩ ሥርም ዓመት አለ

«አቦ፣ ራስህ አንብበው! 2012 ይላል!» ይላችኋል። ይላል፣ እውነት ነው። ግን ያ ዓመት ብዙ ጊዜ የቅርጹ ባለመብትነት የተመዘገበበት ነው፣ ፊገሩ ከፋብሪካ የወጣበት አይደለም። ኩባንያዎች አንድ የእግር ወይም የደረት ሞልድ (ፕላስቲኩ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ለዓመታት ይጠቀማሉ፣ ጭንቅላትና ካባ ብቻ እየቀየሩ። ስለዚህ በማህተሙ ዓመት ብቻ «ብርቅዬ» የሚል ዋጋ አትክፈሉ። ካርቶኑ ካለ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዓመትም አመሳክሩ።

ማህተሙ የሚጠቅመው ለሌላ ነው። ፊደሎቹ ጥርት ብለው ከተነበቡ ጥሩ ምልክት ነው። ከደበዘዙ፣ ወይም በደንብ ተፍቀው ቦታው ብቻ ለስልሶ ከቀረ፣ ከኦርጅናል ፊገር ላይ የተቀዳ ሞልድ ሊሆን ይችላል። የተቀዳ ሞልድ ከኦርጅናሉ ትንሽ ያንሳል። ጓደኛችሁ ኦርጅናሉ ካለው ጎን ለጎን አቁሙና እዩ።

ምልክት፦ ነጩ ወደ ቢጫ ሄዷል

ፀሐይ ነው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያነጡ አሉ፣ ግን ቀለም የተቀባ ፊት ላይ ቀለሙንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ዋጋ አስቀንሱና እንዳለ ተቀበሉት።

ምልክት፦ ካርቶኑ ታሽጓል፣ «ከፍተህ አታይም» ተብላችኋል

ካርቶኑ ግልጽ የፕላስቲክ መስኮት ካለው ፊቱንና ክቦቹን ከውጭ ታያላችሁ፣ ያ ይበቃል። ከዚያ የካርቶኑን ጀርባ አንብቡ። የፊደል ስህተት፣ የኩባንያው ስም ያለመኖር፣ ዱምን ከማያውቃቸው ጀግኖች ጋር አንድ ላይ ማሸግ፣ ሁሉም መጥፎ ምልክት ነው። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ካርቶን ከሆነና ሻጩ አልከፍትም ካለ፣ «እንግዲያው ቤት ስከፍተው ፎርጅድ ከሆነ ትመልሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የተከፈተ ፊገር ከሆነ ደግሞ የዱምን ወገብ እዩ። የሽጉጥ ማኅደር ኖሮት ሽጉጡ ከሌለ፣ ትርፍ እጆቹም አብረው ጠፍተው ሊሆን ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት አስፈልጓቸው።