ጓቲማላ ከመሄዳችሁ በፊት አድራሻ ማንበብ ልመዱ

ጓቲማላ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የአድራሻ አጻጻፏን ቢያጠና ብዙ እንግልት ይቀርለታል። ዋና ከተማዋ በቁጥር በሚጠሩ ዞኖች የተከፋፈለች ናት። «6ኛ አቬኒዳ 4-20፣ ዞን 1» የሚል ካያችሁ፣ ቤቱ ያለው 6ኛው አቬኒዳ ማለትም ጎዳና ላይ፣ 4ኛውን ካዬ ማለትም አቬኒዳውን የሚያቋርጠውን መንገድ ካለፋችሁ በኋላ 20 ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ነው። ሰው የሚሳሳተው ዞኑ ላይ ነው፤ ያው የመንገድ ቁጥር በሌሎች ዞኖችም ይደጋገማል። ዞኑን ሳትናገሩ ታክሲ ከያዛችሁ ሌላ ሰፈር ልትወርዱ ትችላላችሁ። የሆቴሉን አድራሻ ከነዞኑ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ የስልክ ባትሪ አይታመንም።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልገዋል። የምስክር ወረቀቱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

የቆይታ ቀን አቆጣጠሩም ያሳስታል። ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ ለቱሪስት የሚሰጡትን 90 ቀን በጋራ ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ ወደ ኤል ሳልቫዶር ወጥቶ መመለስ ቀኑን አያድሰውም።

መብራቱ 120 ቮልት፣ ሶኬቱም ለሁለት ጠፍጣፋ እግር የተሠራ ነው። «100-240» የሚል የተጻፈበት ቻርጀር በአዳፕተር ብቻ ይሠራል፤ የ220 ቮልት የፀጉር ካውያ ግን በቅጡ አይግልም፣ ቤት ተዉት። ዶላር ስትይዙ ጫፉ እንኳ ያልተቀደደ ምረጡ፤ የተቀደደውን ባንኮች ይመልሱታል።