ስለ ፕላኔቶች ቀለም መታረም ያለባቸው ስህተቶች

ልጆቻችን ፕላኔቶችን የሚያውቋቸው በፎቶ ነው። ስለዚህ ከፎቶው ጋር አብሮ የሚመጣውን ስህተት ቶሎ ማረም ይገባል።

በጣም የተለመደው ቀለምን ከሙቀት ጋር ማያያዝ ነው። «ማርስ ቀይ ናት፣ ስለዚህ ትፋጃለች» ይባላል። ለኮከብ ቢሆን ቀለም በእርግጥ ስለ ሙቀት ይናገራል፤ ያውም ቀዩ ኮከብ ከሰማያዊው ይቀዘቅዛል። ፕላኔት ግን የራሷ ብርሃን የላትም። የምናየው ከላይዋ ነጥሮ የሚመጣውን የፀሐይ ብርሃን ነው። ማርስን ያቀላት እንደ አሮጌ ቆርቆሮ የዛገ፣ ብረት ያለበት አቧራ ነው። አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው።

ሌላው ቬነስን ብርቱካናማ አድርጎ መሳል ነው። አጥቢያ ኮከብ በምትታይበት ወቅት ጎህ ሲቀድ ወጣ ብላችሁ እዩ። ቬነስ እሷው ናት፤ ነጭ ናት። የሰልፈሪክ አሲድ ደመና ስለሸፈናት አብዛኛውን ብርሃን ትመልሳለች። ታዲያ ያ እሳት የመሰለ ምስል ከየት መጣ? በ1990 እ.ኤ.አ. እዚያ የደረሰችው ማጄላን መንኮራኩር ከደመናው በታች ያለውን መሬት ያነሳችው በራዳር ነው። ራዳር ደግሞ ቀለም አያይም። ባለሙያዎቹ ቀለሙን የሰጡት በ1982 የሶቪየት ኅብረት ቬኔራ 13 እና 14 መንኮራኩሮች እዚያው አርፈው ካነሷቸው ፎቶዎች ተነስተው ነው። እታች ወፍራሙ አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀር ድንጋዩ ሁሉ ብርቱካናማ ይመስላል።

እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የኔፕቱን ጉዳይ ነው። ስንት መጽሐፍ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሆና ታትማለች! ቮዬጀር 2 መንኮራኩር በ1989 አጠገቧ ስታልፍ የተነሱት ምስሎች ደመናውና ነፋሱ እንዲለይ ሲባል ቀለማቸው እንዲጎላ ተደርጎ ነበር። ያኔ ይህ በግልጽ ተነግሯል፤ ከጊዜ በኋላ ፎቶው ብቻ ቀረ። በ2024 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሳይንቲስት ፓትሪክ ኧርዊንና ባልደረቦቹ ምስሎቹን አስተካክለው አሳዩን። ኔፕቱንም ዩራነስም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ ናቸው። ሁለቱም ላይ ሜቴን ጋዝ ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል። ኔፕቱን ትንሽ የምትሰማየው ጭጋጓ ስለሚሳሳ ነው።

ወደ ራሳችን ፕላኔት ወደ ምድር ስንመጣ፣ ባሕር ሰማያዊ የሆነው ሰማይን ስለሚያንጸባርቅ ብቻ ነው ማለትም ልክ አይደለም። ውኃው ራሱ ቀዩን ብርሃን ይውጣል።

በመጨረሻ፣ ሁሉም ነገር ታውቆ አልቋል ብላችሁ ለልጆች አትንገሩ። የጁፒተር ነጭ መስመሮች የአሞንያ በረዶ ደመና ናቸው። ታላቁ ቀይ ነጥብ የሚባለውን የጁፒተር ግዙፍ አውሎ ነፋስ ያቀላው ግን ምን እንደሆነ ሳይንቲስቶች እስካሁን አልተስማሙም።